ራውተር አትሰኩ፣ ላፕቶፕ አስመዝግቡ፦ የግቢ ኔትወርክ ደንቦች ከየት መጡ?

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ካፌዎች የማይጠፉ ጥያቄዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲው ላፕቶፔን ለምን ይመዘግባል? ስልኬ ትናንት ገብቶ ዛሬ ለምን እምቢ አለ? በራሴ ብር የገዛሁትን ራውተር ዶርም ውስጥ ብሰካ ማንን ጎዳሁ? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ተማሪው «ሊሰልሉን ፈልገው ነው» ይላል። የአይሲቲ ቢሮው «ለደህንነት ሲባል ነው» ይላል። ሁለቱም ነገሩን አያስረዱም።

ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን ማሻሻያ በዚያ ወር 4ኛው ቀን ላይ አቁሟል። የዩኒቨርሲቲ ደንቦች በአብዛኛው «ያልታደሰ ሲስተም የጫነ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ጋር አይገናኝም» ይላሉ። ታዲያ የአሮጌ ላፕቶፕ ባለቤት ምን ይሁን?

ደንቦቹን በጅምላ መውደድም መጥላትም አያዋጣም። አንዳንዶቹ ጠንካራ ምክንያት አላቸው። አንዳንዶቹ ጊዜ አልፎባቸዋል። የሚገርመው ግን ብዙ የሚያጨቃጭቀው የምዝገባ ደንብ በቴክኒክ ሲታይ ደካማው ነው። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የራውተር ደንብ ደግሞ ዋናው ነው።

አልጋ ሥር ያለችው ሳጥን

ደንቡ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ያለ ፈቃድ ራውተር፣ ስዊች ወይም አክሰስ ፖይንት ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ መሰኪያ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። ራውተር ኢንተርኔቱን ተቀብሎ ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። ስዊች አንዱን ኬብል ብዙ የሚያደርግ ነው፤ የኔትወርክ ዲቫይደር በሉት። አክሰስ ፖይንት በኬብል የመጣውን ወደ ዋይፋይ ይቀይራል።

ክልከላው ለምን እንዳስፈለገ ለማየት አንድ የዶርም ወለል በዓይነ ኅሊና እንሳል። አንድ ላፕቶፕ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ጮክ ብሎ መጠየቅ ነው። «ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው?» ይላል። ጥያቄው በዚያ መስመር ላይ ላለ ሁሉ ይሰማል። የግቢው ሰርቨር ይሰማና «ቁጥርህ ይህ ነው፤ ወደ ውጭ የምትወጣው በዚህ በር ነው» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ አይፒ አድራሻ ይባላል፣ የአሰጣጡ ሥርዓት ደግሞ ዲኤችሲፒ። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው የመላሹን ማንነት አያጣራም። ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል።

አሁን አንዱ ተማሪ ለቤት የተሠራ ራውተር ይዞ ይመጣል። ከጀርባው አምስት ቀዳዳ አለው እንበል። አንደኛው ለብቻው ምልክት ተደርጎበታል፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚገባው በእሱ ነው። የቀሩት አራቱ ለቤት ውስጥ ናቸው። ተማሪው ቸኩሎ የግድግዳውን ኬብል ከአራቱ በአንዱ ይሰካል። ሳጥኗ የተሠራችው ለአንድ ቤት ስለሆነ ራሷን የቤቱ እመቤት አድርጋ ነው የምታየው። በወለሉ ላይ «ቁጥር የሚሰጠኝ?» የሚል በተነሣ ቁጥር እሷም ትመልሳለች። ቅርብ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ከግቢው ሰርቨር ትቀድማለች።

ያኔ የጎረቤት ላፕቶፖች በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምር ቁጥር ይይዛሉ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ምልክት «ተገናኝቷል» ይላል። ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። «መውጫህ በዚህ ነው» ተብለው የተላኩት ወደ ሳጥኗ ነው። ሳጥኗ ደግሞ በዚያ አሰካክ ራሷም መውጫ የላትም።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው እንደየዕድሉ መሆኑ ነው። ትናንት ቁጥር የያዘ ዛሬም ይሠራለታል። አሁን ላፕቶፑን ያበራው አይሠራለትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ብዙው ሰው አዲስ ቁጥር ስለሚጠይቅ ችግሩ በአንዴ ይሰፋል። ተማሪው «ኮኔክሽኑ ዛሬም የለም» ብሎ አይሲቲን ያማል። የአይሲቲ ባለሙያው ዋናውን መስመር ይፈትሻል፣ ደህና ነው። ጥፋተኛዋ ሁለት በር አልፎ አልጋ ሥር ናት። ባለቤቷም በክፋት አላስቀመጣትም።

ስዊችም የራሱ ጣጣ አለው። የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ በስህተት እዚያው ስዊች ላይ ከተሰካ ለሁሉም የተላከ መልእክት በዚያ ቀለበት ውስጥ መሽከርከር ይጀምራል፣ እየዞረም ይባዛል። በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩ በራሱ ማሚቶ ይሞላል። ውድ ስዊቾች ቀለበቱን ዐውቀው ይቆርጡታል። ርካሾቹ አብዛኞቹ አይችሉም።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የተማሪው ነው ማለት አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ስዊቾች ከተማሪ ወገን ያለ ቀዳዳ «ቁጥር ልስጥ» ሲል ዝም የሚያሰኝ መከላከያ አላቸው። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ይባላል። ሥራው አስተዳዳሪው ገብቶ ማብራት ነው። ይህን ሳያበሩ በየኮሪደሩ ማስታወቂያ መለጠፍ በሩን ክፍት ትቶ «ሌባ አይግባ» ብሎ እንደመጻፍ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ተማሪ ራውተር የሚያመጣው ኔትወርክ ማበላሸት አምሮት አይደለም። ዋይፋዩ አልጋው ድረስ ስለማይደርስ ነው። በቆዩ ሕንጻዎች፣ ግድግዳው ወፍራም በሆነበት፣ የዋይፋይ ሞገድ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ይደክማል። ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሲያቆም አየሩ ይጨናነቃል። በብዛት የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አራተኛው ሰው የግድ የአንዱን ድምፅ ይረብሻል። የስልክ ሆትስፖትም ያው ነው። ካርድ ሞልቶ፣ የራሱን ፓኬጅ ገዝቶ የሚጠቀም ተማሪ «የግቢውን ኢንተርኔት አልነካሁም» ቢል ልክ ነው። አየሩን ግን ነክቷል።

የበሩ ምዝገባና የኔትወርኩ ምዝገባ

ስለ ላፕቶፕ ምዝገባ የሚነሣው ክርክር ግማሹ ሁለት ነገር ከመቀላቀል የመጣ ይመስላል። በብዙ ግቢዎች ጥበቃው በር ላይ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ይመዘግባል፣ ሲወጣም ያመሳክራል። ይህ የስርቆት መከላከያ ነው። ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። የኔትወርኩ ምዝገባ የሚፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፣ ማክ አድራሻ የሚባለውን። (ከአፕሉ ማክ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የስም መመሳሰል ብቻ ነው።)

ማክ አድራሻ በእያንዳንዱ የዋይፋይ ወይም የኬብል መቀበያ ላይ ፋብሪካው የሚሰጠው ባለ 12 ምልክት መለያ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ አምራቹን ይናገራል። የድሮው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ተማሪው ይህን ቁጥር ያስመዘግባል፣ ኔትወርኩ በዝርዝሩ ያለውን ያስገባል፣ የሌለውን ይመልሳል።

ሐሳቡ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብሯል። አንደኛ፣ ይህ ቁጥር በአየር ላይ ሳይሸፈን ነው የሚጓዘው። በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር የጫነ ሰው የጎረቤቱን ቁጥር አይቶ በራሱ ላፕቶፕ ላይ መለጠፍ ይችላል። ስለዚህ መለያ ቢሆን እንጂ ቁልፍ አይሆንም። ሁለተኛው የመጣው ከስልኮቹ ነው። አንድሮይድ 10 እ.ኤ.አ. በ2019፣ የአይፎኑ አይኦኤስ 14 ደግሞ በ2020 እውነተኛውን ማክ አድራሻ መደበቅ ጀመሩ። ለየኔትወርኩ የተለየ፣ የተፈጠረ ቁጥር ያሳያሉ። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ የገበያ አዳራሾችና አስተዋዋቂዎች ሰውን በዚህ ቁጥር እየተከተሉ ነበር። ግን ውጤቱ ግቢ ድረስ ደርሷል። በስልኩ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያስመዘገበ ተማሪ በሌላ ቁጥር ይገባና ይባረራል። አንዳንዱ ስልክ ኔትወርኩን አስረስተው እንደገና ሲያገናኙት ቁጥሩን ይቀይራል። «ትናንት ገብቶ ዛሬ እምቢ አለ» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይህ ነው። መፍትሔው ስልኩ ላይ በዚያ ኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ለግቢው ብቻ የመደበቂያውን ነገር ማጥፋት ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚያዋጣው ግን ዕቃውን ትቶ ሰውየውን ማወቅ ነው። 802.1ኤክስ የሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እንዲገባ ያደርጋል። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የጋራ ፓስወርድ ጋር ልዩነቱ ብዙ ነው። የጋራው አንዴ ከወጣ ወጣ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ይደርሳል። የግሉ ሲሰረቅ የሚዘጋው የአንድ ሰው ነው። ኤዱሮም የሚባለው ዓለም አቀፍ አገልግሎት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በአውሮፓ ተጀምሮ አሁን ከ100 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ይሠራል፤ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሌላው ግቢ በራሱ ፓስወርድ ይገባል።

የዕቃ ምዝገባ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለትም አይደለም። ፓስወርድ የሚጽፍ ሰው የሌላቸው ዕቃዎች አሉ፦ ፕሪንተር፣ ፕሮጀክተር፣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ አንድ ተመራማሪ ለሙከራ የሚያቆመው ሴንሰር። እነዚህን በማክ አድራሻ መዝግቦ ለብቻቸው በተከለለ መስመር ላይ ማኖር አሁንም የተለመደ ነው። ለተማሪው ስልክ ግን ያ ዘዴ አርጅቷል።

ምን ያያሉ? ምንስ አያዩም?

«ሊሰልሉን ነው» የሚለውን ስጋት በሳቅ ማለፍም፣ እንዳለ መቀበልም ልክ አይሆንም። በዚህ ዘመን አብዛኛው ድረ ገጽና መተግበሪያ መልእክቱን አመስጥሮ ይልካል። የኔትወርኩ አስተዳዳሪ የትኛው መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ፣ ምን ያህል ዳታ እንደወሰደ ማየት ይችላል። ቴሌግራም ላይ ምን እንደተጻፈ፣ የባንክ ፓስወርዱ ምን እንደሆነ ግን አያይም።

አንድ ነገር ይህን ይቀይረዋል። ኔትወርኩ ሲገቡ «ይህን የሥር ሰርተፊኬት ጫን» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የሥር ሰርተፊኬት ለኮምፒውተሩ «የእኔን ማኅተም ያለበትን ሁሉ እመን» የሚል ፈቃድ ነው። በእሱ አማካይነት የተመሰጠረውን ገልጦ ማንበብ ይቻላል። በዩኒቨርሲቲው ንብረት በሆነ ኮምፒውተር ላይ ሊያከራክር ይችላል። በተማሪው የግል ላፕቶፕ ላይ ግን ያለ በቂ ማብራሪያ ሊጠየቅ አይገባም፤ የተጠየቀ ተማሪም «ለምን?» ቢል ነውር የለበትም።

ሕጉ ከሁለት ወገን ይጎትታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የትራፊክ ዳታ ማለት ማን ከየት ወደ የት፣ መቼ ተገናኘ የሚለው መዝገብ እንጂ የመልእክቱ ይዘት አይደለም። አዋጁ ለአገልግሎት ሰጪ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲም ይገባበታል ብሎ መከራከር ይቻላል። በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ዓላማውን እንዲገልጽ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ አዋጆች የግድ አይጋጩም። ግን አብረው የሚሄዱት ደንቡ የትኛው መዝገብ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል በግልጽ ከጻፈ ነው። «ለደህንነት ሲባል» የምትለው ሐረግ ያን ሥራ አትሠራም።

ቪፒኤንን በተመለከተም ባጭሩ፦ በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለወራት በተገደቡበት ጊዜ ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ስልኩ ላይ ያልጫነ ወጣት ጥቂት ነበር። ቪፒኤን ከስልኩ እስከ ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ድረስ የተሸፈነ መተላለፊያ ይዘረጋል። ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ይጠቀሙበታል፤ በጅምላ ማገድ ስለዚህ ይከብዳል። «ነጻ» የሚባሉት ግን ሒሳቡን በሌላ መንገድ የሚያወራርዱ አሉ። ሆላ የተባለው ታዋቂ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ሰዎች ማለፊያ አድርጎ ይሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ታውቋል። ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለውን የጫነ ተማሪ የማያውቀው ሰው በእሱና በዩኒቨርሲቲው ስም እንዲገባና እንዲወጣ በር ከፍቷል። ለደንቡ የሚጠቅመው ክርክር ይህ ነው፤ ብዙ ሲነገር ግን አይሰማም።

«ቁጥር አልቋል»

ለአንድ ተማሪ ሁለት ዕቃ ብቻ የሚለው ደንብ ብዙ ጊዜ በአድራሻ እጥረት ይሳበባል። በዓለም ደረጃ እጥረቱ እውነት ነው። የድሮው አይፒ ሥርዓት ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ ማዕከላዊው ክምችትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ግቢ ውስጥ የሚታደሉት ግን የውስጥ ቁጥሮች ናቸው። በ10 የሚጀምረው የውስጥ ቁጥር ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ ነው። እጥረት የሚመጣው አንድ አዳራሽ 254 ቁጥር ያላት ትንሽ ክፍልፋይ ሲመደብለት ነው። 200 ተማሪ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ሲገባ 400 ዕቃ ይሆናል። ለአምስት ደቂቃ ገብቶ የሄደውም ቁጥሩን ለአንድ ቀን ይዞት ይውላል። ይህ የክፍፍል ጉዳይ ነው፣ ይስተካከላል። በእውነት የሚያልቀው ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ስፋትና አንድ አክሰስ ፖይንት የሚችለው የሰው ብዛት ነው። ገደቡ ለዚያ ከሆነ እንደዚያ ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ያልታደሰ ላፕቶፕና ዊንዶውስ 10

የማሻሻያ ደንብ ከሁሉም ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አሽመድምዷል። በ2017 ደግሞ ዋናክራይ መጣ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። ማንም ሊንክ ሳይጫን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ በኔትወርኩ ውስጥ ይዘል ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች፣ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ተመቱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው።

እዚህ ያለውን ሁኔታ የሚያባብሱ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው። ማግበሪያው፣ ማለትም ያልተገዛውን ዊንዶውስ እንደተገዛ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ማሻሻያውም፣ ጸረ ቫይረሱም እንዲጠፋ ይደረጋል። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ተማሪው አሳይንመንቱን ለማሳተም ፍላሹን ግቢው በር ላይ ባለ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ሲመለስ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። አንዷን ሲጫን ቫይረሱ ላፕቶፑ ላይ ይሠፍራል። ፋየርዎል የሚባለው የኔትወርኩ ዘበኛ የሚጠብቀው ዋናውን በር ነው። በፍላሽ በኪስ የገባውን አያይም።

ስለዚህ «የታደሰ ሲስተም ይኑርህ» ማለት ከባድ ጥያቄ አይመስልም። ዊንዶውስ 10 ላይ ሲደርስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ያ ትውልድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ የሚገዛው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ይዞ የሚማር ሞልቷል። ዕቃው ይሠራል፣ ባትሪውም ደህና ነው፣ ደንቡ ግን «ውጣ» ይለዋል።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫን የሚለው ምክር ለአንዳንዱ ይሠራል። የንድፍ መሥሪያው አውቶካድ ወይም የካርታ መሥሪያው አርክጂአይኤስ የግድ ለሚያስፈልገው ግን አይሠራም፤ በሊኑክስ ላይ የሚሄዱ አይደሉም። የተሻለው መንገድ ማባረሩን ትቶ መለየት ነው። አሮጌ ሲስተም የያዘው ላፕቶፕ ኢንተርኔት በሚያገኝበት፣ ነገር ግን ሌሎች ኮምፒውተሮችንም ሆነ የሬጅስትራርን ሰርቨር በማያይበት የእንግዳ መስመር ላይ ይቀመጣል። ቢታመምም የሚያስተላልፍበት ጎረቤት የለውም። ለአስተዳዳሪው ሥራ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን የዶርሙ ተማሪ አዲስ ላፕቶፕ ከሚገዛ ይህ ይቀላል።

ደንቡ የሚመለከተው የተማሪውን ዕቃ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ፈተናው የሚካሄደው በዩኒቨርሲቲዎች ላብ ውስጥ ነው፤ በእነዚያ ላቦች ያሉትም ዴስክቶፖች ሁሉ አዲስ አይደሉም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ለቀሩ ግለሰቦች ያዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ የሚዘልቀው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ተማሪው ላፕቶፑን አንግቶ ወደ ግቢ የሚመለሰውም በዚያው ሰሞን ነው።